ሙህሲን ያጠፋው አሥር ደቂቃ

ሙህሲን ቪዲዮ ቤት በነበረው ጊዜ፣ ቆቦ ውስጥ ፊልም ታየ አይባልም ነበር፤ ሙህሲን ተሰማ ነው የሚባለው። ይሄን ለዛሬ ልጆች ስትነግሯቸው ይስቃሉ። ይሳቁ እንግዲህ! ዓለምን በኪሳቸው ይዘው የሚዞሩ ልጆች፣ ስልሳ ሰው በዚያ በቆቦ ሙቀት፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ተፋፍጎ፣ ላቡን እየጠረገ አንዲት ቴሌቪዥን ላይ ሲያፈጥ ምን እንደሚመስል ከየት ያውቁታል? የፊልሙ ሰዎች በእንግሊዝኛ ሲጨቃጨቁ ሙህሲን ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሞ፣ ማይኩን ይዞ፣ በአማርኛ ይጨቃጨቅላቸዋል። ሴት ስትናገር ድምፁን ያቀጥናል፤ ሽማግሌ ሲናገር ያስላል፤ ውሻ ከመጣም ይጮሃል። እንግሊዝኛ ይችላል ወይ ካላችሁ፣ ስምንተኛ ክፍል ድረስ የተማረውን ያህል ነው። የቀረውን ከሰዎቹ ፊት ያነባል፤ ከፊታቸው ያጣውን ከሆዱ ያወጣል። ሰዉም ይሄን ያውቃል፤ ግን ማን ግድ አለው? ወልዲያ ሄደው ያንኑ ፊልም ያለ ሙህሲን ያዩት ጨው የሌለው ወጥ ሆኖባቸው ይመለሱ ነበር።

ያ ሁሉ አልፏል። አሁን ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው፤ መናኸሪያው አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ቻርጀር ይሸጣል፣ ለሰው ሚሞሪ ላይ ዘፈንና መንዙማ ይጭናል። ቆቦ በእሱ ትኮራለች፤ ባጃጅ ነጂው ሁሉ ሲያልፍ «ባለ ድምፁ!» ብሎ ሰላም ይለዋል። እሱም እጁን ያነሳል፣ ፈገግ ይላል። ፈገግታው ግን ዓይኑ ድረስ አይደርስም፤ ምክንያቱን የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ዘንድሮ ከመኸር በኋላ ነው፣ ቢኒያም የሚባለው የእንግሊዝኛ መምህር ሱቁ ድረስ መጣ። ቢኒያም የቆቦ ልጅ ነው፣ ደግ ልጅ፣ ግን የፊልም ነገር ሲነሳ መቆሚያ የለውም። ቴሌግራም ላይ ስለ ድሮ ፊልሞች እየጻፈ ሰው ያስተምራል።

«ጋሽ ሙህሲን፣ ያንን የገመዱን ፊልም አገኘሁት እኮ» አለው። «ሙሉውን። ንግግሩን በአማርኛ ጽፌ ከሥሩ አስገብቼበታለሁ። እሁድ ከሰዓት ወጣት ማዕከል እናሳየዋለን። የክብር እንግዳው እርስዎ ነዎት።»

ሙህሲን ክው አለ። በእጁ የያዘውን ቻርጀር አስቀመጠ፣ መልሶ አነሳው። «ሙሉውን?» አለ።

«ሙሉውን።»

ክው ያለበትን ምክንያት ለመረዳት ፊልሙን ማወቅ ያስፈልጋል። የድሮ ነው፣ ጥቁርና ነጭ፤ ርዕሱን ሙህሲን አንድም ቀን በትክክል አንብቦት አያውቅም፤ ቆቦ ላይ «ገመዱ» ነው ስሙ። አንድ ዓይነ ስውር ሰውዬ አለ፣ ከሚስቱና በእንግድነት ከመጣ ወንድሙ ጋር ገደል አፋፍ ላይ በተሠራ የድንጋይ ቤት ይኖራል። ሚስትየው ከቤቱ በር እስከ ውሃ ጉድጓዱ ገመድ ወጥራለታለች፤ እሱን እየዳበሰ ይሄዳል፣ እሱን እየዳበሰ ይመለሳል። አንድ ቀን አንድ እጅ ያንን ገመድ ይፈታውና ገደሉ ጫፍ ላይ ካለች ግንድ ላይ ያስረዋል። እጁ ጓንት አጥልቋል፤ የወንድ ይሁን የሴት አይለይም። ከዚያ ሰውዬው ገመዱን ይዞ መሄድ ይጀምራል። ይሄዳል፣ ይሄዳል፤ አምስት ደቂቃ ሙሉ አንድ ቃል የለም፣ ነፋስ ብቻ። ከዚያ መስኮቱ ይመጣል። ዝናብ በሚወርድበት መስታወት ጀርባ የሚስትየው ፊት ይታያል፣ አፏ ተከፍቶ።

አምስት ደቂቃ ዝም ማለት ለሙህሲን መሞት ነው። ስለዚህ ሞላው። «ይሄ የማን እጅ ነው?» ይላል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የባዳ እጅ እንዳይመስላችሁ። ያጎረሰው እጅ ነው። ያነጠፈለት እጅ ነው።» መስኮቱ ጋ ሲደርስ ደግሞ፣ «እዩዋት፣ እዩዋት፣ ትስቃለች» ይላል። ቪዲዮ ቤቱ ይናወጥ ነበር። ሰው እየተነሳ ሴትዮዋን ይራገማል። ሙህሲንም እዚያ ላይ ያጠፋዋል።

ከዚያ በኋላ አሥር ደቂቃ ነበረው። መጀመሪያ ባሳየ ቀን፣ ፖሊስ ቤት ውስጥ ተቀምጠው ወሬ ሲጀምሩ፣ ሰው አዛግቶት መውጣት ሲጀምር መሃል ላይ አጠፋው። ከማግስቱም ጀምሮ መስኮቱ ላይ ቆረጠው። ሰው በሞቀ ስሜቱ ቢወጣ ነገም ይመጣል ብሎ ነው። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ ቪዲዮ ቤቱ ባዶ ሳለ ብቻውን ተቀምጦ እስከ መጨረሻው አየው። ወንድምየው በካቴና ታስሮ ሲወጣ አየ። ያንኑ መስኮት ደግሞ ከውስጥ በኩል አሳዩት፤ ሚስትየው በሩ ተቆልፎባት፣ መስታወቱን በቡጢ እየደበደበች፣ «ተመለስ» እያለች ትጮሃለች። አትስቅም። አንድም ቀን አልሳቀችም። ይሄን ለመረዳት እንግሊዝኛ አያስፈልግም፣ ዓይን ይበቃል። ሙህሲን አየ፣ ተረዳ፣ የቪዲዮ ዴኩን አጠፋ። በማግስቱ ሰዉ ሲሞላ፣ «እዩዋት፣ ትስቃለች» አለ።

እንግዲህ ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ምን ነበረበት? የፈረንጅ ሴት ስሟ ቆቦ ላይ ቢጠፋ ምን ትሆናለች! ግን ሙህሲን ድምፅ ማጉያውን ደጅ ላይ ነበር የሰቀለው፣ ሰው እንዲጠራለት። በገበያ ቀን ሽንኩርት ሻጩም፣ ፍየል ነጂውም ፊልሙን ሳያይ ይሰማል። ደጁ ላይ ቲማቲም ከሚሸጡት አንዷ ዘሊካ ነበረች። ባሏ አሊ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ የሚያርስ ጎበዝ ገበሬ፣ ዓይኑን ሞራ ጋርዶት ከቤት ከዋለ ዓመት አልፎት ነበር። ዘሊካ ከዚያ ሁሉ የክፋት ወሬ መሃል አንዲት ደግ ነገር ለቅማ ይዛ ሄደች፤ ገመዱን። ከቤቷ በር እስከ ሽንት ቤቱ አጠገብ እስካለው ቁርቁራ ዛፍ የቃጫ ገመድ ወጠረችለት። አሊ እንዴት ተደሰተ መሰላችሁ። «ሚስቴ የራሴን መንገድ ሠራችልኝ» እያለ ለመጣው ሁሉ ያሳይ ነበር።

አራት ወር ሄደበት። አንድ ቀን ዘሊካ ወፍጮ ቤት ውላ ስትመለስ ገመዱ ከቁርቁራው ተፈትቶ መሬት ላይ ተጋድሟል፤ አሊ ደግሞ ዓይን በነበረው ጊዜ ለሽንኩርቱ ውሃ ብሎ በገዛ እጁ የቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ወድቆ ሞቷል። ፍየል ይሁን የጎተተው፣ ነፋስ ይሁን፣ ቋጠሮው ይሁን የላላው፣ አላህ ነው የሚያውቀው። ሕግም ጠየቃት፣ ምንም አላገኘባትም፣ ለቀቃት። ሰው ግን አለቀቃትም። ሰው እኮ ነገሩን አስቀድሞ ሰምቶት ነበር፣ በሙህሲን ድምፅ። «ባለገመዷ» አሏት። ቲማቲሟን የሚገዛ ጠፋ። ስድስት ዓመት የሆናትን ልጇን ራዊያን ይዛ ጎብዬ ገባች፤ ከገባች ይኸው አሥራ ስምንት ዓመት አለፈ።

ሙህሲን ለሰው ተናግሮት የማያውቀው ግን ሌላ ነው። አሊ በተቀበረ በአራተኛው ቀን ሰው ቪዲዮ ቤቱ ደጅ ተሰብስቦ፣ ያንን የገመዱን ፊልም ድገምልን አለው። ደገመው። ቆመው ያዩ ነበሩ፣ በመስኮት የተንጠለጠሉ ነበሩ። መስታወቱ ጋ ሲደርስ ልቡ፣ ተው፣ ዛሬ እንኳ ተው አለው። ምላሱ ግን ለምዷል። ከወትሮው ጮክ ብሎ ነው «ትስቃለች» ያለው።

እሁድ ደረሰ። ወጣት ማዕከሉ ጢም ብሏል፤ የድሮዎቹ ደንበኞች ሽበታቸውን ይዘው፣ ልጆቻቸውን ይዘው መጡ። ሙህሲን የፊተኛው ወንበር ላይ ተሰየመ። ጋቢ ለብሷል፤ ከሥሩ ግን ሸሚዙ በላብ ረጥቧል።

ቢኒያም መጀመሪያ ስለ ፊልሙ አስረዳ። ይሄ ልጅ ሲያወራ መቼም ይጥማል። ዳይሬክተሩ ጥላን እንዲህ ረዝሞ ደረጃ ላይ እንዲወጣ ማድረግን ድምፅ ከሌላቸው የጥንት ፊልሞች እንደተማረ ነገራቸው። ከእሱ በኋላ ደግሞ ስንቱ እንደቀዳው፤ ፊቱ የማይታይ እጅ፣ በነፋስ ብቻ የተሞላ ዝምታ። «በእኛ አገር ፊልም እንኳ አንዲት ሴት ዝናብ በሚወርድበት መስኮት ጀርባ ስታለቅስ አላያችሁም? ያቺ መስኮት ከዚህ ነው የተወሰደችው» አለ። ሰው ሁሉ፣ እውነትም፣ እያለ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ቢኒያም እንዲህ አለ፦

«የዚህ ፊልም ተንኮሉ ምን መሰላችሁ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ ሚስትየውን እንድትጠረጥሯት ያደርጋችኋል። በመጨረሻው አሥር ደቂቃ ግን እሷን ሳይሆን እናንተን ነው የሚያጋልጠው። እንዲህ ያለ ጨርሶ ያልበደለ ሰው ላይ ለመፍረድ እንዴት ቸኮልን ብላችሁ እንድታፍሩ ነው የተሠራው።»

ሙህሲን ይሄን ሲሰማ ጋቢውን ወደ አፉ ሳበው። ያ ፈረንጅ ሰውን ሊያሳፍር ያዘጋጀውን አሥር ደቂቃ፣ እሱ ሰው እንዳያፍር ብሎ ይሆን የቆረጠው? አይደለም። ሰው እንዲመጣለት ብሎ ነው። ለራሱ መዋሸት እንኳ አልሆነለትም።

ፊልሙ ተጀመረ። መስኮቱ መጣ። አዳራሹ ውስጥ ያሉ ሽበታሞች ከትዝታቸው አውጥተው፣ «እዩዋት፣ ትስቃለች» አሉ በአንድ ድምፅ። ሳቅ ሆነ። ከዚያ ፊልሙ አልጠፋም። ቀጠለ። ካቴናው መጣ፤ ሚስትየው መስታወቱን ስትደበድብ መጣች፤ ከሥሯ በአማርኛ «ተመለስ፣ ተመለስ» የሚል ጽሑፍ ነበር። ሽበታሞቹ እርስ በርስ ተያዩ። ያኔ ከኋላ አንድ ሰው፣ «ሙህሲን፣ ይሄን አላሳየኸንም እኮ» አለ።

ቢኒያም እየሳቀ ማይኩን ሰጠው። ሙህሲን አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ይሄ ቀን ቢመጣ ምን እላለሁ እያለ ሲያስብ ኖሯል፤ አሁን በእጁ ነው። ከሦስት መቶ ዓይን ፊት ቆመ። አፉን ከፈተና፦

«ምን ላርግ» አለ፣ በዚያ ባማረ ድምፁ፤ «ካሴቱ እዚያ ላይ ያልቅ ነበር።»

አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ። ልጆች ስልካቸውን ደግነው ቀረጹት። «ባለ ድምፁ» እያሉ ጨበጡት፣ ትከሻውን መቱት። አንድ ሰው እንኳ የዘሊካን ስም አላነሳም። ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ሀስና ቪዲዮውን አይታው ቆየችው። «ዛሬስ ኮራሁብህ» አለችው። ራቱን አልበላም።

በማግስቱ ከዙሁር ሶላት በኋላ ሱቁን ዘግቶ የጎብዬ ሚኒባስ ላይ ተሳፈረ። የዘሊካን ቤት ለማግኘት አልተቸገረም፤ ዋናው መንገድ ዳር ልብስ ትሰፋለች፣ ከልጇ ጋር። ራዊያ ጨርቅ እየቆረጠች ነበር፣ ዘሊካ ማሽኑ ላይ።

«አሰላሙ አለይኩም» አለ በሩ ላይ።

የማሽኑ ድምፅ ቆመ። ዘሊካ ቀና አላለችም፤ በድምፁ ነው ያወቀችው። «ወአለይኩሙ ሰላም። ግባ ሙህሲን።»

ገባ። ራዊያ በርጩማ ሰጠችው። ማን እንደሆነ ስታውቅ ፊቷ ጠቆረ፤ ወደ ጨርቋ ተመለሰች።

«ትናንት ሰማሁህ» አለች ዘሊካ። «ራዊያ ስልክ ላይ አሳየችኝ። ካሴቱ እዚያ ላይ ያልቅ ነበር አልክ።»

እዚህ ላይ ሙህሲን ገና መውጫ ነበረው። አዎ፣ ያልቅ ነበር፣ አሁን እውነቱን ሳይ ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት ቢላት ታምነው ነበር። ሚኒባስ ውስጥ ሆኖ ይሄንኑ ሲያሰናዳ ነው የመጣው። ፊቷን ሲያየው ግን፣ እንዴት እንዳረጀች ሲያይ፣ ያሰናዳው ሁሉ ጠፋበት።

«አያልቅም ነበር» አለ።

«አውቀህ ነዋ?»

«አውቄ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ነው ያወቅኩት።»

«አሊ ሳይሞት?»

«ሳይሞት።»

«ከሞተስ በኋላ አሳየኸው ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«አሳየሁት።»

«ትስቃለች አልክ?»

«አልኩ» አለ፣ መሬት መሬት እያየ። የራዊያ መቀስ ድምፁ ጠፋ። ሙህሲን እንድትጮህበት ጠበቀ። ብትራገመው፣ ብታስወጣው ደስ ይለው ነበር። ዘሊካ ግን እጆቿን ማሽኑ ላይ ዘርግታ ታያቸው ጀመር።

«የሰው ሐሜት አይደለም እኔን የበላኝ» አለች። «ሐሜቱንስ ትቼው መጣሁ። ያን ቋጠሮ እኔ ጠዋት ጠዋት አጠብቀው ነበር። የዚያን ቀንም አጥብቄዋለሁ፣ ትዝ ይለኛል። ግን ያ የአንተ ድምፅ አለ፤ ያጎረሰው እጅ ነው የምትለው። እየቆየ ሲሄድ እጄ ሲፈታው ይታየኝ ጀመር። ምናልባት እሱን ማስታመም ሰልችቶኝ ሳላውቀው አላልቼው ይሆን እላለሁ። በአላህ ሙህሲን፣ አሥራ ስምንት ዓመት ባሌን እኔ ገድየው ይሆን እያልኩ ነው የኖርኩት። አጥብቄው እንደሆነ አሁን አላውቅም። ጠፋብኝ። አንተ አጠፋህብኝ።»

ሙህሲን «አውፍ በይኝ» ብሎ ይቅርታ ሊለምን ነበር። ግን ለእንዲህ ያለ ነገር አውፍ መባልን መጠየቅ ራሱ ሌላ ነውር ሆኖ ታየው። ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ አለቀሰ። ትልቅ ሰው፣ ቆቦ ሙሉ የሚያከብረው ሰው፣ በርጩማ ላይ ተቀምጦ።

ራዊያ ናት ያናገረችው። በቁጣዋ ውስጥም ሆና አንቱታዋን አልቀነሰችም፤ ይሄ ከስድብ ይልቅ አሸማቀቀው።

«እርስዎ ትናንት የተናገሩትን አገሩ ሁሉ እየተቀባበለው ነው» አለች። «ለእናቴ ብቻ ተናግረው ቢሄዱ ቆቦ ላይ ካሴቱ ያልቅ ነበር እንደተባለ ይቀራል። እሷም ባለገመዷ እንደተባለች ትቀራለች።» ስልኳን አወጣችና ወደ እሱ ደገነችው። «ይበሉ፣ አሁን ለእናቴ የነገሯትን ለእነሱም ይንገሩ።»

ሙህሲን ፊቱን ጠረገ። የማያውቀውን ቋንቋ ስንት ሰዓት ሙሉ ሲያወራ የኖረ ሰው፣ ያን ቀን የሚለው አጠረው። ድምፁን አላሳመረም። ሙህሲን ነኝ አለ። ካሴቱ አያልቅም ነበር፣ እኔ ነኝ የማጠፋው አለ። ሴትዮዋ እንደማትስቅ አውቄ ነው ትስቃለች ያልኩት፣ አሊ ሳይሞትም አውቅ ነበር፣ ዘሊካን ያስበላኋት እኔ ነኝ አለ። ከዚያ በላይ አልቻለም።

ራዊያ ስልኳን ዝቅ አድርጋ ወደ እናቷ ዞረች። «ልላከው?»

ዘሊካ ገና እጆቿን እያየች ነበር።

«ላኪው» አለ ሙህሲን።

ተነስቶ ወጣ። ማንም ቁጭ በል አላለውም፤ እሱም አልጠበቀም። የቆቦ ሚኒባስ ላይ ተሳፍሮ መሃል ወንበር ላይ አንድ ጎልማሳ ገበሬ አጠገብ ተቀመጠ። ሮቢት ሳይደርሱ ኪሱ ውስጥ ስልኩ ይጠራ ጀመር። ሀስና ናት። ቀጥሎ ቢኒያም ነው። ከዚያ የማያውቃቸው ቁጥሮች። አላነሳም። ከጎኑ ያለው ሰውዬ በስልኩ አንድ ነገር እያየ ነበር፤ ሙህሲን የገዛ ድምፁን ሰማው፣ ያልተሽሞነሞነውን። ሰውዬው ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው አየ። ከዚያ ቀና ብሎ ሙህሲንን አየው፣ መልሶ ስልኩን አየ፣ ከዚያ ኩታውን ሰብስቦ ወደ መስኮቱ ፈቀቅ አለ። ሙህሲንም እንዳይነካው ብሎ ወደ ወንበሩ ጫፍ ተጠጋለት።